አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ

ለወንድም ጋሼ፤

በያለህበት ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ባለቤትህ በስልክ ስታጫውተኝ፣ ደረጃ ስትወጣ ሦስት ቦታ እንደምትቆምና «ደከመህ እንዴ?» ስትልህ «የለም፣ እያሰብኩ ነው» እንደምትላት ነግራኝ ስንስቅ ነበር። ትልቋ ልጅህ ወለደች ወይስ ገና ናት? ትንሿስ ያንን ሞተር ብስክሌት ተወችው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ደከም አለ እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ቢላት «ሐኪሙ አንተ አይደለህ? ገምት» አለችው።

ደብዳቤ ስታይ ደንግጠህ ከሆነ ይቅርታ፤ ሰው አልሞተም። በስልክ ልነግርህ አስቤ እማዬ ናት የከለከለችኝ። «በስልክ ከነገርሽው ‹ተይው እባክሽ› ብሎ ይዘጋብሻል። ወረቀት ግን አንዴ ከጀመረ አይተወውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ ስለ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ ነው።

ይህን ቁጥር በመካከላችን ካነሳነው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖናል። አንተ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። የምታውቀውን መልሼ ስነግርህ ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆንብኝ አውቃለሁ፤ ግን ወደ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ከመጀመሪያው ካልጀመረ አይሆንለትም።

የትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ቤት ውስጥ ያ ወፍራም የቁጥር ሰንጠረዥ ነበር። ከአንድና ከራሳቸው በቀር ማንም እኩል የማያካፍላቸው ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ከሁለት ጀምሮ ተዘርዝረውበታል። የመጨረሻው 999,983 ነው። አንተ ለመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ «ከዚህ በኋላስ?» ብለህ ብትጠይቀው «ከዚህ በኋላ ሽፋኑ ነው» አለህ። ቤት እስክትደርስ እየሳቅህ መጣህ። ማታውኑ ግን አልሳቅህም። ከሽፋኑ በኋላ ያለውን እኛ እንሥራው አልከኝ።

በዚያው ሰሞን የቴክኒክ ተቋሙ የተማሪዎችን የሥራ ትርኢት እንደሚያዘጋጅ ተለጥፎ ነበር። አንደኛ የወጣው ተማሪ ያለ ፈተና ይገባል። ከእኛ ከተማ እስከ ተቋሙ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከሰፈራችን እዚያ የገባ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ለትርኢቱ ይህንኑ ሥራ ልታቀርብ ወሰንክ፤ ያከፋፈልከውም አንተ ነህ። ተጋማሾቹን ወዲያ አልናቸው። 1,000,001 ቶሎ ወደቀ፤ 101 ሲባዛ በ9,901 ነው። 1,000,003 ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ከሺህ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው፤ በሁሉም አካፈልነው፣ ሁሉም ቀሪ አስቀሩ፣ ብቸኛ ሆነ። ያን ቀን አባባ ጸጉር ወደሚቆርጥበት ሱቁ ሄደህ ብትነግረው፣ አባባ መቀሱን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ የነበረውን ሰውዬ «አሁን ልጄ ምን እንዳለ ሰማህ?» አለው። ሰውዬው ግማሽ ጸጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ስለ ብቸኛ ቁጥር አንድ ሰዓት ሙሉ ተማረ። 1,000,005 መጨረሻው አምስት ስለሆነ አላስቸገረንም። 1,000,007 በ29 ወደቀ። ከዚያ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መጣ።

ትርኢቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ለሁለት ተካፈልነው። ከአምስት መቶ በታች ያሉትን ዘጠና አምስቱን ለእኔ ሰጠኸኝ፤ ከአምስት መቶ በላይ ያሉትን ሰባ ሦስቱን አንተ ያዝክ። ለምን ሺህ ላይ እንደምናቆም ያስረዳኸኝን ቃል እስካሁን በክፍሌ የምናገረው እንዳለ ነው። «ከሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ቢያካፍለው ጓደኛው ከሺህ በታች መሆን አለበት። ትንሹን ጓደኛ ካላገኘነው ትልቁም የለም» አልከኝ። በአንድ ገጽ አሥራ ሁለት መስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር አካፋዩ፣ ድርሻውና ቀሪው። የእኔ ስምንት ገጽ ሆነ። ስንጨርስ ከእኔ ገጾች ላይ አሥር መስመር እንደመጣልህ መርጠህ መልሰህ አባዛህ። አሥሩም ልክ ነበሩ። «እጅሽ እንደ ማሽን ነው» አልከኝ።

ከስድስተኛው ገጽ አንድም መስመር አልመረጥክም።

ወንድም ጋሼ፣ ስድስተኛውን ገጽ አላካፈልኩትም። ከ283 እስከ 359 ያሉት አሥራ ሁለት መስመሮች በሙሉ ከራሴ የፈጠርኳቸው ናቸው። ድርሻው ሦስት ሺህ ገደማ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀሪው ከአካፋዩ ማነስ እንዳለበት አውቃለሁ፤ የሚመስል የሚመስለውን ጻፍኩ። በሁለተኛው መስመር ላይ «293፣ ድርሻ 3,409፣ ቀሪ 188» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ ድርሻ 3,413፣ ቀሪ ባዶ ነው። ከመቶ ስልሳ ስምንቱ ቁጥሮች መሃል የሚያካፍለው ትንሹ ጓደኛ እዚያች መስመር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ፊቱን ሳላይ አለፍኩት።

ይኸው ተናገርኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ነው የከበደው።

ከትርኢቱ የተመለስክበትን ቀን እንደ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅህ ከሰዓት በኋላ መጣህ። ጫማህ አቧራ ብቻ ነበር፤ ከአውቶቡስ ጣቢያው በእግርህ ነው የመጣኸው። ከበርሜሉ ውኃ ቀድተህ ቆመህ ጠጣህና «ይካፈላል» አልከኝ። «በስንት?» አልኩህ። «በ293» አልክ። ከዚያ «ማረጋገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለህ ገባህ። ያቺን ሰዓት አፌን ብከፍት ኖሮ ሁሉም በዚያው ያልቅ ነበር። አልከፈትኩም። አንተ የተሳሳትኩ መስሎህ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የደከማት ልጅ ተሳሳተች፣ በቃ፣ ስህተት የሰው ነው ብዬ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለትምህርት ቤቱ ወረቀት መጣ። ርዕሰ መምህሩ ጸጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ፣ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ያቀረብከው ሥራ ስህተት ሳይሆን የተፈበረከ ስሌት እንዳለበት ተቋሙ መጻፉን ለአባባ ነገረው። ሦስት ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አባባ ጨርሶ ቆረጠው፣ አንገቱን ጠረገለት፣ ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤት መጣ። አልጮኸም። «ይህን አድርገሃል አላደረግህም?» ብቻ አለህ። አንተም «አድርጌያለሁ» አልክ። እኔ በመጋረጃው ወዲያ ቆሜ ነበር። አባባ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረህም። ጸጉርህን ሲቆርጥህ እንኳ ጭንቅላትህን በጣቱ እየገፋ ነበር የሚያዞርህ እንጂ «ዘወር በል» አይልህም ነበር።

በወሩ መጨረሻ ብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ገባህ። ብረት የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ ቆምክ፤ በኋላ ከተማ ብትቀይርም እስከ ዛሬ ከቶርኖ አልተለየህም። የሥራ ጓደኞችህ «ድገመው» የሚል ስም እንዳወጡልህ ባለቤትህ ነግራኛለች። የተለካውን ሁሉ «ድገመው» ስለምትል ነው አሉ። እነሱ ይስቁብሃል። እኔ ስሙን የሰማሁ ቀን ግን ምሳዬን አልበላሁም።

ከሥራ መልስ እጅህን ታጥበህ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ስድስተኛውን ገጽ ታነሳብኝ ይሆናል እያልኩ ስጠብቅ አንድም ቀን አላነሳህም። የተቋሙን የመግቢያ ፈተና አለፍኩ። ከዚያ ፊት ለፊት የሚጠይቁን አንድ ሸበቶ የተቋሙ መምህር ናቸው አሉኝ። በትርኢቱ ላይ ያንተን ደብተር ያዩት እሳቸው መሆናቸውን አውቅ ነበር። ወረቀት ሰጥተውኝ «አንድ ሚሊዮን ዘጠኝን በአኃዝ ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩ። «ብቸኛ ነው?» አሉኝ። «አይደለም፣ በ293 ይካፈላል» አልኳቸው። ማን እንደነገረኝ ቢጠይቁኝ ወንድሜ ነው አልኩ። ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱና የመጨረሻውን አኃዝ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ወንድሜ ደህና መሆኑን ጠየቁኝ። ደህና ነው፣ ቶርኖ ይሠራል አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «እዚህ ቤት ውስጥ ያላካፈልሽውን ቁጥር አካፍያለሁ እንዳትዪ» አሉኝና አስገቡኝ። ለሁሉም ተማሪ የሚሉት መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እስካሁን የደበቅሁህ። በሁለተኛው ዓመት አንድ መጽሐፍ ሳነብ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረ በዘመኑ አቻ ያልነበረው የሂሳብ ሊቅ ይህንኑ ቁጥር፣ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝን፣ ብቸኛ ነው ብሎ ጽፎት እንደነበር አየሁ። በኋላ ራሱ ስህተቱን አግኝቶ 293 ሲባዛ በ3,413 መሆኑን አሳየ። መጽሐፉን ይዤ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። «እንኳን አንተ እሱም ተሳስቷል» ልልህ ነበር። ሁለት መስመር ጽፌ ቀደድኩት። እሱ ተሳሳተ፤ እኔ ዋሸሁ። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ማስገባት አልቻልኩም።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን ዛሬ እንደማወራ ልንገርህ።

ከሃያ ዓመት በፊት ያስተማርኳት አንዲት ልጅ የተቋሙ መጻሕፍት ቤት ሠራተኛ ሆናለች። ሸበቶው መምህር ካረፉ ቆይተዋል፤ ባለፈው ወር የቢሯቸው ቁም ሳጥን ሲጸዳ አንድ ደብተር አገኘች። ሽፋኑ ላይ የአባባን ስም አይታ «መምህርት፣ ይህ የእናንተ ይመስለኛል» ብላ ይዛልኝ መጣች። ያኔ ስሌቱን የጻፍንበት ያው ሰማያዊው ደብተር ነው። ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው።

የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ ቀይ ቀለም አገኘሁ። በትርኢቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ሁሉ እዚያው ጽፈውታል። መጀመሪያ ስሌታቸው አለ። ቁጥሩ 1,000 በራሱ ሲባዛና 3 በራሱ ሲባዛ ያለው ድምር መሆኑ ያስታውቃል። ሌላ መንገድ ሲፈልጉ 972ንና 235ን አገኙ፤ 972 በራሱ ሲባዛ 944,784፣ 235 በራሱ ሲባዛ 55,225፣ ሲደመሩ ያው አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ። አንድ ቁጥር በሁለት የተለያየ መንገድ የሁለት ካሬዎች ድምር ከሆነ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ከሁለቱ መንገዶች ደግሞ አካፋዩን ራሱን ማውጣት ይቻላል፤ በአምስት መስመር 293ን አወጡት። እኛ ሁለት ሳምንት ስንለፋበት የኖርነውን። አየህ፣ ቁጥሩ ለእኛ ዝም ያለን በሩን ስላላንኳኳን ነው እንጂ፣ ለሚያውቀው ሰው ሁለት በር ነበረው።

ከስሌቱ ሥር ይህን ጽፈዋል። ቃል በቃል ነው የገለበጥኩልህ።

«ገጽ 6 አልተካፈለም፣ ተፈጥሯል። ተማሪውን ሰሌዳ ላይ አስጻፍኩት። የእሱ ዘጠኝ እግሩ ቀጥ ያለ ነው። ከገጽ 1 እስከ 8 ያሉት ዘጠኞች ጭራቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል። ማን እንደጻፈው ጠየቅሁት፤ ‹እኔ ነኝ› አለ። የሠራውን ሰው ንገረኝና ስህተቱን አርመህ ቦታውን ውሰድ አልኩት። ‹ብቻዬን ነው የሠራሁት› አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሦስት ጊዜ ይህንኑ መለሰልኝ። የልጅ እጅ ነው። ታናሽ ሳይኖረው አይቀርም።»

አንብቤ ስጨርስ ተማሪዬ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር። «መምህርት፣ ውኃ ላምጣልዎት?» አለችኝ። አምጪልኝ አልኳት። ስትመለስ ደብተሩን ዘግቼ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ደብቄህ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አንተ ነህ እኔን የደበቅኸኝ። ከአዳራሹ ወጥተህ፣ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘህ፣ ከጣቢያው በእግርህ መጥተህ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እያየሁህ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ያልከኝ ሁሉንም እያወቅህ ነው። አባባ ሲጠይቅህም እያወቅህ ነው። አራት ዓመት ስታስተምረኝም፣ ዘጠኝ ስጽፍ ጎንህ ተቀምጠህ እያየህ ነው።

ደብተሩ በመጣ በማግስቱ ስድስተኛውን ገጽ ሠራሁት። ለ283 ቀሪው 170 ነው። ለ307 ቀሪው 110። ለ311 ቀሪው 144። አሥራ ሁለቱንም እስክጨርስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ወንድም ጋሼ።

ከዚያ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ሌላ ጊዜ ቁጥሩን የማስተምረው ስለ ሊቁ እየተረክሁ ነው፤ ዘንድሮ ግን በራሴ ተረክሁት። እንደ ሌላ ጊዜው አልሳቁም። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ የተቀጣው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የዕረፍት ደወል ነው ያዳነኝ።

ከዚያ ለእማዬ ነገርኳት። ጆሮዋ ስለማይሰማ መጮህ ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር እየጮሁ መናገር እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቀኝ። ጎረቤታችን ልብስ ስታሰጣ ቆማ ሰማችኝ። እማዬ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ አባባ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ሄደሽ ለእሱም ንገሪው» አለች። እማዬ መቼም ስታዝ አያስቀልድም። እሑድ ጠዋት ሄድኩ። መቃብሩ ራስጌ የተተከለችው ዛፍ አድጋለች፤ ከጥላዋ ሥር ቆሜ፣ ለእሱስ መጮህ አላስፈለገኝም፣ ሁሉንም ነገርኩት። ልጅህ አልፈበረከም አልኩት። በሁለት ዓመቱ ሲያናግርህ መጀመሪያ ያለህን ታስታውሳለህ? «ጸጉርህ ሸብቷል» ነበር ያለህ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላህም ነበር። እሱን ስነግረው ነው ዕንባዬ የመጣው።

ስመለስ እማዬ ደጃፍ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። «ነገርሽው?» አለች። ነገርኩት አልኳት። «አሁን ለባለ ጉዳዩ ለወንድምሽ ጻፊ» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ለምን እንዳደረግኩት ሁሉም ይጠይቀኛል። ለተማሪዎቼ ደክሞኝ ነው አልኳቸው። ለእማዬ ሙቀቱ ነው አልኳት። ለአባባ መቃብር ልጅ ነበርኩ አልኩት። ሦስቱም ውሸት አይደሉም። ለአንተ ግን ያን ቀን የሆነውን እንዳለ ልጻፍልህና አንተው አስላው።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ነበርን። እኔ አምስተኛውን ገጽ ጨርሼ ነበር፤ አምስቱንም በሚገባ ነው የሠራሁት፣ ደብተሩን አምጥቼ ላሳይህ እችላለሁ። አንተ ልብስህን እያጣጠፍህ ያቺ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ትከትና ታወጣ ነበር፤ ከአውቶቡሱ ወንበር ሥር ትገባ እንደሆነ በክንድህ ለካሃት። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር ያለውን አልጋህን መታ መታ አድርገህ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይህ ያንቺ ነው፤ ክፍሉም ብቻሽን ያንቺ ነው» አልከኝ። ደስ እንዲለኝ ብለህ ነው ያልከው፤ ፈገግ ብለህ ነበር። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ የሣጥኗን ቁልፍ ልታሠራ ወጣህ፤ እኔ ባዶውን አልጋህን እያየሁ ቀረሁ።

ስድስተኛውን ገጽ ጻፍኩት። አንድ ጀበና ውኃ እስኪፈላ ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ግን በትክክል አካፍያቸዋለሁ፤ እያንዳንዷ ቀሪ ልክ ናት። ሰባተኛውን ስጀምር አንተ ተመልሰህ ጎኔ ተቀምጠህ ነበርና።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እንመጣለን። እማዬ ካልሄድኩ ብላለች፤ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። መልስ አትጻፍልኝ፣ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ እኔ እደርሳለሁ። ልታናግረኝ ባትፈልግ አይከፋኝም፤ ከእማዬ ጋር ተጫወት፣ እኔ ከባለቤትህ ጋር ማድ ቤት እሆናለሁ። እኔ ከአንተ ሁለት ዓመት ዝምታ ቢደርሰኝ እንኳ ገና እዳዬን አልጨርስም።

ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ልጆችህን ዓይናቸውን ሳምልኝ። እጅህን ከማሽኑ፣ እግርህን ከደረጃው ይጠብቅልህ። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ በልጅ ልጅ ይባርክህ፤ ከአፌ ያጣኸውን እውነት ፈጣሪ በጤና ይካስህ።

አልጋህን የወረሰች፣ ታናሽ እህትህ